ተከራዬን ላስወጣ ሄጄ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ሮተርዳም ላይ የሠራሁትን ጉድ ስትሰሙ በሳቅ ነው የምትሞቱት። እኔ ግን እስካሁን እንደተናደድኩ ነኝ!

የምኖረው እዚሁ ሆላንድ፣ ዴን ሃግ ከተማ ነው። ሮተርዳም ያለችኝን ሚጢጢ አፓርታማ ያከራየሁት ለጋሽ ተኽለ ነው። አስመራ ተወልደው አማርኛን ከእኔ አሳምረው የሚናገሩ ጡረተኛ ናቸው። የኪራዩን ግማሽ የሚሸፍንላቸው ሁርቱስላኽ ነው፤ ገቢው ዝቅ ላለ ሰው መንግሥት የሚሰጠው የኪራይ ድጎማ።

ሁለት ወር ሙሉ ግማሹን ብቻ ላኩልኝ።

ጦፍኩ! "መንግሥት እየከፈለላቸው!" እያልኩ ባቡር ውስጥ ለብቻዬ ሳጉረመርም ደረስኩ። ቤቱን ይልቀቁ የሚል ደብዳቤ ቦርሳዬ ውስጥ ይዣለሁ።

በሩን ሲከፍቱልኝ ሰላምታ እንኳን አላስጨረስኳቸውም። "ጋሽ ተኽለ፣ እርስዎን አምኜ እኮ ነው ያስገባሁዎት!" ብዬ ኮሪደሩ ላይ ጮህኩ። ጎረቤት ሁሉ ብቅ አለ።

እሳቸው ሰማያዊ ፖስታ ሰጡኝ። ድጎማውን ከሚከፍለው ከግብር መሥሪያ ቤት ነው።

"በዚህ አድራሻ ከእርስዎ ጋር ደመወዝተኛ ሰው ተመዝግቧል፣ የቤቱ ገቢ ጨምሯል ብለው ድጎማዬን አቆሙት። ይስተካከላል ብዬ ነው ያልነገርኩሽ። ልጄ፣ ዳዊት የሚባል ሰው ታውቂያለሽ?"

ዳዊት!

ታናሽ ወንድሜ ነዋ!

እኛ ሐበሾች አድራሻ መዋዋስ ልማዳችን አይደል? "ለፖስታ ብቻ ነው" እንባባላለን። ዛንዳም ከተማ መጋዘን ውስጥ ሥራ ሲያገኝ የሚመዘገብበት አድራሻ አጣ። እኔም በጋሽ ተኽለ አድራሻ እንዲመዘገብ እንደ ቤቱ ባለቤት ቅጹ ላይ ፈረምኩለት። ለሽማግሌው ትንፍሽ አላልኩም!

አሁን ሁሉንም ስነግራቸው፣ "ቀድመሽ ብትነግሪኝ ኖሮ ለወንድምሽ አብረን መላ እንፈልግ ነበር" አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር! ቀጥለው ረጋ ብለው፣ "ግን ለምን ራስሽ ቤት አላስመዘገብሽውም?" አሉ።

"ቤቴ ጠባብ ነው።"

ውሸቴን ነው! ልጄን ብቻዬን ነው የማሳድገው። ሌላ አዋቂ ቤቴ ከተመዘገበ የእኔው ድጎማ እንዳይነካ ፈርቼ ነው። ሕጉን ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ አንዱን ጊዜ እያሰመርኩ!

የዳዊትን ምዝገባ ነገ አሰርዛለሁ፤ የቀረባቸውንም ድጎማ እኔው እችላለሁ። በራሴ ላይ ያለኝ ንዴት ግን አልበርድ አለ። ይህን ጽሑፍ ስጀምር ሕጉን አላውቅም ነበር ብዬ ልዋሻችሁ ነበር እኮ!

እስቲ እውነቱን ንገሩኝ፣ ከእኔ ዓይነቷ አከራይ እናንተ ቤት ትከራያላችሁ?