ማንኪያ አንስቶ የቀረው ጠፈርተኛ

(መካነ ሰላም፣ ጋሹ ቤት። ቴሌቪዥኑ ውስጥ አንድ ጠፈርተኛ በመንኮራኩሩ ብቻውን ተቀምጧል። ጋሹ ማለት አላውቅም የምትባል ቃል ከአፉ ወጥታ የማታውቅ ሰው ነው። ዛሬ የፊዚክስ መምህርቷን ሐረግን ፊልም ጋብዞ ልቡ ተሰቅሏል፤ በእውቀቱ ካልማረካት ሌላ መማረኪያ የለውማ! እስክትመጣ ድረስ ማብራሪያውን በአክስቱ ልጅ በቸኮል ላይ ይለማመዳል። ቸኮል ሪሞቱን ታቅፎ ጋቢውን ተከናንቧል።)

ቸኮል፦ እኔ ግን ጎረቤት አለው ነው የምለው!

ጋሹ፦ የለውም አልኩህ! ጠፈር ላይ የምን ጎረቤት?

ቸኮል፦ ታዲያ ጨው ሲያልቅበት ከማን ይበደራል?

ጋሹ፦ አያልቅበትም!

ቸኮል፦ ሀብታም ነዋ። እንዲህ ያለ ሀብታም እንዴት ዘመድ አጣ?

ጋሹ፦ ኧረ በአላህ ቸኮል! ምድርን ትቶ ለምርምር የሄደ ነው።

ቸኮል፦ ከምድር ሰው ሁሉ ተጣልቶ? ሽማግሌ አይላክበትም?

ጋሹ፦ አልተጣላም!

ቸኮል፦ ካልተጣላማ ምን ያስቀምጠዋል? ይመለስ!

(ጠፈርተኛው ሾርባውን ከፍቶ ማንኪያውን ያነሳል።)

ቸኮል፦ ሊበላ ነው እንዴ? ብቻውን?

ጋሹ፦ ብቻውን! ዝም ብለህ እይ። ይኼ ፊልም የሚናገረው በዝምታ ነው።

ቸኮል፦ ነውር ነው! እኛ እንኳ ወረኢሉ መንገድ ላይ መኪናው የተበላሸብን ጊዜ፣ የማናውቀው ሰው ቆሎ ይዞልን መጥቷል።

(ቸኮል ጋቢው ውስጥ ይቁነጠነጣል። ጋሹ አገጩን ይዞ ተመስጧል።)

ጋሹ፦ አየህ? ማንኪያው አፉ ጋ ሳይደርስ ቆመ።

ቸኮል፦ ቆሟል።

ጋሹ፦ ለምን ይመስልሃል?

ቸኮል፦ እሱንማ እኔ...

ጋሹ፦ አታውቀውም! ብቸኝነት እጁን ይዞት ነው። ዓይኑን እንኳ አያርገበግብም! ተዋናይ ማለት እንዲህ ነው!

ቸኮል፦ ጋሹ፣ እኔ እኮ...

ጋሹ፦ አታቋርጠኝ! ማንኪያው ምድር ናት፣ አፉ ጠፈር ነው። በመሀል ያለችው ክፍተት የሰው ልጅ ናፍቆት ናት።

ቸኮል፦ ሾርባውስ?

ጋሹ፦ እንባው ነው!

ቸኮል፦ እንግዲህ ሳይቀዘቅዝ ብትደርስ ደግ ነው።

ጋሹ፦ ማን?

ቸኮል፦ መምህርቷ ነቻ!

(በሩ ይንኳኳል። ሐረግ ትገባለች። ጋሹ ዘሎ ይነሳል።)

ሐረግ፦ ደህና ዋላችሁ?

ጋሹ፦ (ጣቱን ወደ ቴሌቪዥኑ ቀስሮ) በሰዓቱ ደረስሽ! ይኼን እጅ ተመልከቺ። ከቅድም ጀምሮ ንቅንቅ አላለም። የብቸኝነት ጥልቀት...

ሐረግ፦ ምስሉ ጥግ ላይ ያሉት ሁለት መስመሮችስ?

ጋሹ፦ እነሱማ... ጎን ለጎን ቆመው የማይገናኙ ሁለት ነፍሶች ናቸው።

ሐረግ፦ ፊልሙ ቆሟል የሚል ምልክት ነው እኮ! ማን አቆመው?

ቸኮል፦ (ሪሞቱን ከጋቢው አውጥቶ) እኔ ነኛ! ልንገረው ብል መች አስናገረኝ? ማንኪያውን ሲያነሳ አቆምኩት። እንግዳ መንገድ ላይ እያለ ብቻውን ይብላ?

ሐረግ፦ (ሳቋ እያመለጣት) እና ጋሹ ይኼን ሁሉ የሚያስረዳው ለቆመ ምስል ነው?

ቸኮል፦ (ለዘመዱ ተቆርቁሮ) ደግ አደረገ እንጂ! እኔ ከምግቡ ባግደው፣ እሱ እንዳይከፋው ያጫውተው ነበር።

(ሐረግ እየሳቀች ከቸኮል አጠገብ ትቀመጣለች። ጋሹ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ! አፉን ከፍቶ፣ ጣቱን እንደቀሰረ ደርቋል።)

ሐረግ፦ በል ቸኮል፣ ልቀቅለት።

ቸኮል፦ (ሪሞቱን ተጭኖ) ብላ ወንድሜ፣ መጥተናል።

(ጠፈርተኛው ይጎርሳል። የጋሹ እጅ ግን አልወረደም።)

ሐረግ፦ ጋሹ ምን ሆነ?

ቸኮል፦ አብሽሪ፣ ብቸኝነት እጁን ይዞት ነው።