እትዬ ፐርሊታ ሥራ ሲሰጡ

ሰው ቁጭ ብሎ ሲያዩ የሚያማቸው ፍጡራን በየከተማው አይጠፉም። የእኛዋ የኢሎኢሎዋ እትዬ ፐርሊታ ማግባኑዋ ናቸው፤ ክብርት የአካፋና የመጥረጊያ የበላይ ጠባቂ! በዩኒቨርሲቲው የሴት ተማሪዎች ከሚመሠርቷቸው የእህትማማቾች ማኅበራት የአንዱ አንጋፋ አባል ናቸው። ጡረታ ወጥተዋል ይባላል፤ ወሬው ግን እሳቸው ዘንድ አልደረሰም።

«እጅህ ምን ይዟል?» ይላሉ። «ምንም» ካልክ አለቀልህ። ሠርግ ልበላ ወጥቼ ችግኝ ስተክል ውያለሁ። አንዴ ጥርሴን ላስነቅል ከተሰለፍኩበት ጎትተው ለደም ለጋሾች ወንበር አስደረደሩኝ፤ ጥርሴ እስከ ዛሬ አለ።

ባለፈው ክረምት ግን ነገሩ ከቀልድ አለፈ። ንስሮችና መብረቆች የሚባሉት ሁለት የወንድ ተማሪዎች የወንድማማቾች ማኅበራት ተደባድበው የአንዱ ንስር ክንድ ተሰበረ። ንስሮቹ ቅዳሜ ከኳስ ሜዳው ጀርባ ሊበቀሉ ዛቱ። መብረቆቹም «ኑ፣ እንጠብቃችኋለን!» አሉ። በዚያው ሳምንት ጎርፍ የወንዝ ዳሩን ትምህርት ቤት በጭቃ ሞላው።

ቅዳሜ ዱላ ይዘው ሲፋጠጡ፣ አካፋ የጫነ ጂፕኒ የሚባለው የሕዝብ ማመላለሻ መኪና መሃላቸው ገብቶ ቆመ። ከፊት እትዬ ፐርሊታ፣ ከኋላ ደግሞ እጄ ባዶ ሆኖ የተገኘሁት እኔ።

«ዱላውን ጣሉና አካፋ አንሱ!»

የንስሮቹ መሪ ክሪሳንቶ «እትዬ፣ የወንድማችን ክንድ ተሰብሯል እኮ!» አለ።

«የእኔ ወንድም እንደናንተው ሲደባደብ ጭንቅላቱን ነው የተመታው። ቀብሬዋለሁ። ሌላ አልቀብርም። ውጣ መኪናው ላይ!»

መጀመሪያ ዱላውን መሬት ያስቀመጠው የመብረቆቹ መሪ ኤፍሬን ነው። ክሪሳንቶም አፍጥጦ ካየው በኋላ የራሱን ጣለ።

ትምህርት ቤቱ ጋ የእህትማማቾቹ ማኅበራት ሩዝና የደረቀ ዓሣ ይዘው ቀድመውናል። እትዬ ፐርሊታ ወዲያው አዘዙ፦ «ሸሚዛችሁን ገልብጣችሁ ልበሱ! ጭቃ የማኅበር ስም አያነብም።»

ከዚያም ሁለቱን መሪዎች አንድ ቁም ሣጥን አሸከሟቸው። በር ላይ ተቀረቀሩ።

«ወደ ግራ!»

«የማን ግራ?»

«ያንተ!»

«የኔ ግራ ግድግዳ ነው፣ ደንቆሮ!»

አካፋው ሁሉ ቆመ። እኔ መሸሺያ እያየሁ ነበር። ድንገት ክንዱን በጨርቅ ያንጠለጠለው ልጅ ሳቁ አመለጠው። ሊያፍነው ቢሞክርም ባሰበት። ኤፍሬን ሳቀ፣ ክሪሳንቶም ተከተለ፣ ቁም ሣጥኑም ጭቃው ውስጥ ተዘረረ።

ማታ ኤፍሬን ክንዱ ወደተሰበረው ልጅ ሄዶ፣ መሬት መሬት እያየ ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ አብረው ይሠራሉ። ጠባቸው አልጠፋም፤ አሁን ግን የሚጣሉት ማን የቀባው ግድግዳ ያምራል በሚል ነው።

ባለፈው ቅዳሜ እትዬ ፐርሊታ አልደወሉልኝም። በነፃነቴ ልደሰት ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። እቤታቸው ስሄድ ትኩሳት ጥሏቸው ተኝተዋል። ክሪሳንቶ ማንጎ ይልጣል፣ ኤፍሬን «እንደሱ አይላጥም» እያለ ይነዘንዘዋል።

እትዬ አንድ ዓይናቸውን ገለጡ። «መጣህ? የጤና ጣቢያው ጣሪያ ያፈሳል።»

«ይማርዎት» ልል ነበር የገባሁት። ከአፌ የወጣው ግን «መሰላሉ የት ነው?» የሚል ነበር።