የኮርኒሱ እንግዶችና የጌታሁን ድኝ

በዚህ ከተማ በማያውቁት ነገር እርግጠኛ መሆን የሚያሳስር ወንጀል ቢሆን ኖሮ፣ እስር ቤቱ ከኮንዶሚኒየሙ ይበዛ ነበር! የመጀመሪያውን ክፍል የሚይዘው ደግሞ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ጌታሁን ነው። ለምን አትሉኝም?

የምንኖረው ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገቱ ላይ፣ በዕድሜ ከእኛ የሚበልጥ የጭቃ ቤት ውስጥ ነው። ክረምቱ ሊገባ ሲል ኮርኒሱ ውስጥ መንኮሻኮሽ ተጀመረ። አይጥ ነው ብለን ተጽናናን። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ግን ልብስ ከገመድ ሳወርድ ቀና ብል፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ካለች ሽንቁር የሌሊት ወፍ ተከታትሎ ይወጣል... አንዱ፣ ሌላው፣ ሌላው! ቅዳሴ ያለቀ ነው የሚመስለው።

ወሬው ሰፈሩን ለማዳረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ጎረቤታችን እማማ የሺ በአጥሩ ብቅ ብለው፣ “ልጄ፣ ከሸናብህ አልማዝ ባለጭራ ነው የሚያወጣብህ፤ ኮፍያ አድርገህ ተኛ” አሉኝ። አድርጌ ተኛሁ። ምን ላድርግ? ባለቤቴ ትዕግሥት ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ጀርባዋን ሰጠችኝ።

ከዚያ ጌታሁን ከሾላ መጣ። ድኝ ይዞ!

“አጭሼ ሙልጭ አድርጌ ነው የምጨርሳቸው!”

“ጌትዬ፣ የዱር እንስሳ እኮ ነው። ዝም ብሎ መግደል በሕግ ያስጠይቃል” አለች ትዕግሥት።

“ማን ሊከሰኝ? ወፏ?”

“ወፍም አይደለችም። ልጆቿን ታጠባለች።”

“ጡት ያላት ወፍ!” ብሎ ሶፋው ላይ በሳቅ ተንፈራፈረ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። የሚስት ወንድም ሲስቅ አለመሳቅ ይከብዳል፤ ያገባችሁ ታውቁታላችሁ።

ጌታሁን ፍም በጣሳ አደረገ፣ ፍሙ ላይ ድኝ ነሰነሰ፣ ጣሳውን ኮርኒሱ ውስጥ አስቀመጠ... በደረቅ የባሕር ዛፍ አጠና መካከል! ቤቱ በጭስ ታፈነ። ቀድሞ የሸሸው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ራሱ ጌታሁን! ከመሰላሉ ዘሎ ግቢው መሃል ሲያስል አገኘነው። አጠናው ሳይያያዝ በባልዲ ውኃ የደረስኩት እኔ ነኝ። የራሰው ኮርኒስ ተቀደደና አውራ ጣቴን የምታህል ነገር ምንጣፉ ላይ ጠብ አለች። ገና ጸጉር ያላወጣች ግልገል። አፏን ከፍታ ትጮኻለች፤ ድምፅዋ ግን አይሰማም።

ትዕግሥት ወንድሟን አየችው። ቀጥላ እኔን አየችኝ። “ሁለተኛ ኮርኒሱን የሚነካ ጸቡ ከእኔ ጋር ነው!” አለች።

የዱር እንስሳት ጉዳይ ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት ደወለች። ያነሳችው ሴት፣ “በባዶ እጅ እንዳትነኳት” አለቻት። “ሲመሽ ሽንቁሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ አድርጓት፤ እናቷ ትመጣለች። ሽንቁሩን አሁን ከደፈናችሁት ግን ግልገሎቹ ውስጥ ያልቃሉ። መብረር እስኪጀምሩ ታገሱ።”

“እናቷ ትመጣለች!” አለ ጌታሁን እያላገጠ። “ከመዋዕለ ሕፃናት ልትወስዳት?”

በወፍራም ጓንት ይዘን ግድግዳው ላይ አስቀመጥናት። መሸትሸት ሲል እናቷ መጣች። ዞር ዞር ብላ አጠገቧ ተለጠፈች፤ ግልገሏ ደረቷ ላይ ተጣበቀች፤ ይዛት ገባች። ትዕግሥት ጉንጯን ስትጠርግ አየሁ። እኔም ጠረግሁ። ጭሱ ነው እንዳልል፣ ጭሱ ከለቀቀ ቆይቷል።

ክረምቱን ከሌሊት ወፎቹ ጋር አብረን ከረምን። ሰማዩ ሲጠራና ልጆቹ መብረር ሲችሉ ሌላውን ስንጥቅ ሁሉ ደፈንን። በዋናዋ ሽንቁር ላይ መረብ ዘርግተን፣ ከላይና ከጎን ቸንክረን ከታች ክፍት ተውነው። ተስበው ይወጣሉ፤ ሲመለሱ መግቢያው ይጠፋቸዋል። አመሻሽ ላይ ወንበር አውጥተን ስናይ፣ አንድም ሳይጎዳ እየተንሸራተቱ ወጥተው ወደ እንጦጦ ጫካ አቀኑ። ጥቂት ቀን ጠብቀን፣ ውስጥ የቀረ እንደሌለ አረጋግጠን ሽንቁሯን ደፈንናት።

ጌታሁን ይህን ሲሰማ እየሮጠ መጣ።

“አላልኳችሁም? ድኝ እየቆየ ነው የሚሠራው!”

ለእማማ የሺም ይህንኑ አስረዳቸው፤ መረቁት። ራት በላ። ሻይ ጠጣ። ሻይ ደገመ። እግሩን ዘርግቶ ምስጥ በናፍጣ እንዴት እንደሚጠፋ ማብራራት ሲጀምር፣ ትዕግሥት ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

“ከመረቡ የተረፈ አለ?”

“ለምንሽ?”

“ለሳሎኑ በር።”