ሁሉን የምትችል ልጅ

ልጁን ለነገ ማዘጋጀት የማይፈልግ ወላጅ አለ እንዴ? የአሰላው ጎረቤቴ ጋሽ ግርማ ግን ነገን የሚጠብቁት ሊዘርፍ እንደሚመጣ ሽፍታ ነበር። ባለቤታቸው በድንገት ካረፉ ወዲህ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጃቸውን ሶስናን ያላስተማሯት ነገር የለም። በቻይንኛ ትቆጥራለች፤ የመኪና ጎማ ትቀይራለች፤ ዋና እንኳ አልጋ ላይ በደረቷ ተኝታ ተለማምዳለች።

በእናቷ ሙት ዓመት ጎረቤቱ ምሳውን በልቶ ሳያበቃ ልጅቷን መሐል አቆሟት።

«የፈለጋችሁትን ጠይቋት!» አሉን።

«ቤት ቢቃጠል?» አለ አንዱ።

«ቆጣሪውን አጠፋለሁ፤ ከዚያ ጎረቤት እጠራለሁ።»

«መንገድ ቢጠፋብሽስ?»

«የአባዬን ስልክ በቃሌ አውቃለሁ።»

ተጨበጨበላት። እኔን ምን አናገረኝ?

«እናትሽ ስትናፍቅሽስ?» አልኳት።

«መታጠቢያ ቤት እገባና ቧንቧውን ከፍቼ አለቅሳለሁ። ውሃው ሲወርድ ለቅሶ አይሰማም።»

ጋሽ ግርማ ደነገጡ። «ይሄን ደግሞ ማን አስተማረሽ?»

«አንተ ነሃ፣ አባዬ። ቧንቧውን ስትከፍት እኮ እስክትወጣ በሩ ላይ ቆሜ እጠብቅሃለሁ።»

ጋሽ ግርማ ሁላችን ፊት ድምፅ አውጥተው አለቀሱ። ልጅቷም እንደለመደችው፣ እስኪጨርሱ ቆማ ጠበቀቻቸው።