ከነጥብ በኋላ ያሉት አያት

አምስት ደቂቃ ስጡኝና ኢንተርኔት አንድን ስም እንዴት አፈላልጎ እንደሚያገኝ፣ ጎረቤቴ ጋሼ ታምሩም በዚሁ ሰበብ ከመላው ዓለም ጋር እንዴት እንደተጣሉ ላጫውታችሁ። አትቆጩም። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይባል የለ? ካምፓላ ውስጥ ግን ስም ከአንዱ ኮረብታ ወደ ሌላው መሻገር ሲያቅተው በዓይኔ አይቻለሁ።

ሞባይል ገና ባልተለመደበት ዘመን ነው፤ ጋሼ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከናጉሩ ወደ ኪዋቱሌ፣ እኛ ሰፈር፣ ቤት ቀይረዋል። ናይሮቢ የምትማረው ልጃቸው ሰናይት ነገ አውቶቡስ ልትሳፈር ነው፤ የምታውቀው ግን የድሮውን ቤት ብቻ። አዲሱ ቤት ስልክ አልገባለትም፤ የእሷ ማደሪያ ስልክ ደግሞ ቢጮህ የሚያነሣው የለም። የቀረን ኢሜይል ነው። ኢሜይል ከተባለ ደግሞ እኔን ማን ይቀድመኛል? ከአንድ ፎቶ ኮፒ መጽሐፍ ራሴን አስተምሬ፣ ያገኘሁትን ሁሉ ሳስተምር የምውል ሰው!

ከተማ ወርደን ኢንተርኔት ካፌ ገባን። ጋሼ በወረቀት የያዙትን አድራሻ እንዳለ ገልብጬ ላክሁ። ጥቂት ቆይቶ ደብዳቤው ተመለሰ፤ እንዲህ የሚባል የለም ይላል። ወረቀቱን ልብ ብዬ ባየው፣ ለካስ ኬንያን ከሚያመለክተው ከመጨረሻው «ኬ ኢ» ቀጥሎ አንድ ነጥብ፣ ከነጥቡ ቀጥሎ «ወልደየስ» ተጽፏል። ወልደየስ የጋሼ አባት፣ የሰናይት አያት ናቸው። ምነው ብላቸው፣ «ቀበሌ እንኳ ስም ከነአያት ይጠይቅ የለ? የልጄን ስም ጎዶሎ ልላከው?» አሉኝ።

ያን ጊዜ አያትየውን ደምስሼ እንደገና መላክ ነበረብኝ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ግን ወንበሬን አዙሬ ማስረዳት ጀመርኩ! ኮምፒውተር የሚደዋወለው በቁጥር ነው አልኳቸው። ቁጥሩን ለማግኘት ስሙን ከጅራቱ ይዞ ይጠይቃል፤ እኛ «የማን ልጅ ነህ?» ብለን ከአያት ወደ ልጅ እንደምንወርደው። መጀመሪያ የሚጠየቁት ሥር ሰርቨሮች የሚባሉት ሽማግሌዎች ናቸው፤ እንደ ወሮቻችን አሥራ ሦስት፣ ሁሉም ባሕር ማዶ። ሰናይትን አያውቋትም። «የኬ ኢን ነገር የሚያውቀው እገሌ ነው፣ እሱን ጠይቅ» ነው የሚሉት። እገሌም ወደ ትምህርት ቤቷ ሰርቨር ይመራል፤ ያኛው ቁጥሩን ይሰጣል። ጅራቱ ላይ ወልደየስ ከመጣ ግን ሽማግሌዎቹ አናውቀውም ይላሉ። መዝገባቸው አንድ ስለሆነ ሌላውን ቢጠይቁትም መልሱ ያው ነው።

ጋሼ ከዚህ ሁሉ የሰሙት አንዷን ናት። «አባቴን አናውቀውም አሉ? አውራጃው ሙሉ የሚያውቀውን ሰው?» ብለው ብድግ። እሳቸው ሲቆጡ እኔ ሳብራራ፣ መብራት ጠፋ። ተመልሶ የመጣው ሰናይት ከተሳፈረች በኋላ ነው።

በምትደርስበት ቀን ኦዊኖ ገበያ አጠገብ ካለው መናኸሪያ ቆመን ዋልን። በየትኛው አውቶቡስ እንደምትመጣ እንኳ አናውቅም። አመለጠችን። ጋሼ ፊታቸው አመድ መስሎ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ዞረው «እስቲ አሁን አስረዳኝ» አሉኝ።

አንገታችንን ደፍተን ኪዋቱሌ ብንመለስ፣ ሰናይት ደጃፉ ላይ ተቀምጣ የተጠበሰ ሙዝ ትበላለች! ናጉሩ ስትደርስ ቤቱ ሌላ ሰው ገብቶበታል። በኪራይ ሞተር ያደረሳት ባለ ቦዳ አባቷን ባያውቅም የሐበሻ ምግብ ቤት ያውቃልና እዚያ ወሰዳት። የምግብ ቤቱ ባለቤት እትዬ ዘነበችም ቤቱን አያውቁትም። የማን ልጅ ነሽ አሏት። የታምሩ። «እዚህ ከተማ ሦስት ታምሩ አለ፤ የትኛው?» የታምሩ ወልደየስ። «በይ ዕድለኛ ነሽ፣ ዕቃቸውን የጫነው ሹፌር ያውና ምሳውን እየበላ!» ሹፌሩ እደጇ አደረሳት።

እኔ መቼም ልማዴ ነው፤ «አያችሁ፣ ይኸው እኮ ነው ያልኩት! ባለ ቦዳው ሥር ሰርቨር...» ብዬ ጀመርኩ። ጋሼ ልጃቸውን እንዳቀፉ፣ «ልጄ፣ ለእነዚያ አሥራ ሦስቱ ጻፍልኝ» አሉኝ፤ «ወልደየስን ካላወቃችሁ ዘነበችን ጠይቁ በላቸው።»

እናንተም ሂዱና ሞክሩት፤ ካፌ ግቡ፣ ለናፈቃችሁት ሰው ጻፉ። አያታችሁን ከነጥቡ በኋላ አታስገቧቸው፤ መንገድ ከጠፋችሁ ግን ጮክ ብላችሁ ጥሯቸው። ደግሞ አደራ፣ መጀመሪያ ላኩ፤ ከዚያ አስረዱ።