ኮምፒውተሩ ውስጥ ዘመድ ያለው ሰው

እዚህ ዴንቨርና ኦሮራ ካለነው የአገሬ ሰዎች ብዙዎቻችን በዲቪ የመጣን ነን። አይተነው የማናውቅ ኮምፒውተር፣ ረግጠነው የማናውቅ አገር ላይ ተቀምጦ፣ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ስማችንን ጠርቶ አመጣን። እንግዲህ ዕጣ የሚባል ነገር መኖሩን የሚያምን ሰው ከጠፋ ከኛ ሊጠፋ አይገባም ነበር። ነገር ግን ይህንኑ በዲቪ የመጣ ሰው «ልጅህ ትምህርት ቤት የሚገባው በዕጣ ነው» በሉት እስቲ። ዓይናችሁን አየት አድርጎ ፈገግ ይላል። የራሱ ዕጣ የእግዜር ሥራ ነው፤ የሌላው ዕጣ ግን የሆነ ሰው ሥራ ነው። ይህ እምነት ከየት እንደመጣ ለማጥናት ጊዜ አላገኘሁም። ከእምነቱ ጋር መኖር ግን ግድ ሆኖብኛል።

ኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ላይ፣ ኦሮራ ውስጥ፣ ቀድሞ ምንጣፍ ይሸጥበት በነበረ ሕንፃ ቻርተር ትምህርት ቤት ከፈትን። «ከፈትን» ስል የከፈተችው አልማዝ ናት፤ እኛ ስብሰባ ላይ ነበርን። አልማዝ ዕድሜዋን በአስተማሪነት ያሳለፈች፣ ሰውን ስታናግር እንኳ መልሱን ከመስማቷ በፊት ማርክ የምትሰጥ ሴት ናት። ቻርተር ትምህርት ቤት ምን እንደሆነ ለማታውቁ፣ ገንዘቡ የመንግሥት ነው፣ ወላጅ አይከፍልም፤ አስተዳደሩ ግን እንደኛ ላሉ ሰዎች በውል ይሰጣል። «እንደኛ ላሉ» የሚለው ውሉ ላይ አልተጻፈም። ቢጻፍ ኖሮ ማን ይፈርምልን ነበር?

እኔ የቦርድ አባል የሆንኩት በችሎታዬ አይደለም። ሥራዬ ከአየር ማረፊያው ወደ ሆቴል መንገደኛ ማመላለስ ነው፤ ስለ ትምህርት የማውቀው ተምሬ መርሳቴን ነው። ቦርዱ ግን አንድ ወላጅ ያስፈልገው ነበር፣ እኔ ደግሞ ያን ዕለት አርፍጄ ደረስኩ። ቀድመው የመጡት በሙሉ አይመቸንም ብለው ጨርሰው ስለነበር የቀረው ወንበርና ሹመት የኔ ሆነ።

ስህተቴ የተጀመረው በሦስተኛው ስብሰባ ላይ ነው። ከወንበሩ የሚበልጥ አመልካች ከመጣ ልጆቹ በዕጣ ይለያሉ። ለመሥራቾችና ለቦርድ አባላት ልጆች ግን ያለ ዕጣ ቦታ መያዝ ይፈቀዳል አለች አልማዝ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እኔ ብድግ አልኩ። ለምን ብድግ እንዳልኩ ዛሬም አይገባኝም። ምናልባት ከመንገደኛ ሻንጣ ጋር ብቻ ስታገል ስለምውል ለታሪክ የሚቀር ነገር መናገር አምሮኝ ይሆናል። የኛ ሰው «ለልጆቻቸው ነው የከፈቱት» ብሎ ያማናል፣ ስለዚህ ልጆቻችን እንደማንም ልጅ ይወዳደሩ፣ ዛሬ የምንጥለው መሠረት ነው እያልኩ ስናገር የራሴው ድምፅ ደስ አለኝ። ተጨበጨበ። ከሁሉም አብልጦ ያጨበጨበው ፋርማሲስቱ ደረጀ ነው፤ ልጅ የለውም። አልማዝ ብቻ ቀስ ብላ «ኤልዳናስ?» አለችኝ። እንደማንም ልጅ ናት አልኳት።

ኤልዳና ልጄ ናት፤ ስድስተኛ ክፍል የምትገባ። «እንደማንም ልጅ» ያልኩት ውሸት ነበር። ወራት ሙሉ ያን ሕንፃ ከኛ ጋር ስታጸዳ የከረመች እሷ ናት። ከወለሉ ላይ የምንጣፍ ሙጫ ፍቃለች፣ የላይብረሪውን በር ቢጫ ቀብታለች፣ የትኛው ማብሪያ የትኛውን መብራት እንደሚያበራ ከአልማዝ በላይ ታውቃለች። የምትቀመጥበትን መስኮት ሳይቀር መርጣ ነበር። ጓደኛዋ ቤዛም አመልክታለች። ያ ትምህርት ቤት ካልሆነ ኤልዳና የምትሄደው ሁለት አውቶቡስ ቀይራ፣ አንድም የምታውቀው ልጅ ወደሌለበት ነው። ባለቤቴ ትዕግሥት የንግግሬን ዝርዝር እስከ መጨረሻው አዳመጠችና፣ «ማን ጠየቀህ?» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ለረጅም ጊዜ ሌላ ጥያቄም አልጠየቀችኝ፤ ራት ቀርቧል ከማለት በቀር አላናገረችኝም።

ማመልከቻ ሲከፈት ስልኬ ሥራ በዛበት። ከሁሉ በፊት የደወሉት ጋሽ ክንፈ ናቸው፤ የልጅ ልጃቸው ናቲ እኛ ጋ እንዲገባ ይፈልጋሉ። ጋሽ ክንፈ የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው። እዚህ ከተማ ስንት የተጣላ ባልና ሚስት አስታርቀዋል፤ ዴንቨር፣ ካፒቶል ሂል ሰፈር የነበረውን የመጀመሪያ ቤቴን ያገኙልኝም እሳቸው ናቸው። ስለ ጤናዬ፣ ስለ ትዕግሥት፣ ስለ ኤልዳና፣ አገር ቤት ስላለችው እናቴ ከጠየቁ በኋላ ወደ ናቲ መጡ። ዕጣውን የሚያወጣው ኮምፒውተር ነው፣ የመንግሥቱ ትምህርት ቢሮ፣ የዲስትሪክቱ፣ ሰው ባለበት ነው፣ እኔ እጄን የማስገባበት ቀዳዳ የለም ብዬ በትሕትና አስረዳኋቸው።

«ገብቶኛል ልጄ» አሉኝ። «ስልክ ላይ አይወራም።»

ምን ይባላል? የለም እንዲያ አይደለም ስላቸው፣ ጥንቃቄዬን አደነቁልኝ። በሌላ ቀን አንዱ አየር ማረፊያው ድረስ መጥቶ የመኪናዬን መስኮት አንኳኳ፤ መንገደኛ መስሎኝ ሻንጣው የታለ ብዬ ፈለግኩ። የልጁን የልደት ቀን ሊነግረኝ ነው የመጣው። ሠርግ ላይ ከሙሽራው እኩል ተከበብኩ። ልቅሶ ቤት ሐዘንተኛዋ ራሷ፣ እግዜር ያጽናሽ ስላት፣ አሜን ብላ የእህቷን ልጅ ስም በጆሮዬ ሹክ አለችኝ። ሁሉንም በፍጹም አልችልም አልኳቸው። አጥብቄ በካድኩ ቁጥር ኃይሌ እየገነነ ሄደ። አንድ ቀን ትዕግሥቴ አልቆ ብቆጣ፣ ወሬው ምን ሆነ መሰላችሁ? ጠንቃቃ ሰው ነው፣ በአደባባይ ስታነሳበት ይቆጣል ተባለ። የምር ሥልጣን ያላቸው ሰዎች እንዲህ ሲከበሩ አይቼ አላውቅም።

ዕጣው የወጣ ዕለት የሚታይ ነገር አልነበረም። የሚሽከረከር በርሜል የለ፣ የሚነበብ ትኬት የለ። አልማዝ አንድ ቁልፍ ተጫነች፣ የዲስትሪክቱ ሰው ለውዝ እየበላ ተመለከተ፣ አለቀ። ናቲ ገባ። ቤዛ ገባች። ኤልዳና ተራ ጠባቂ ሆነች፣ ያውም ከታች። ቤት ሄጄ ስነግራት፣ «ኢትስ ኦኬ፣ ዳዲ» ብላ ወደ ክፍሏ ገባችና በሯን ቀስ አድርጋ ዘጋች። በኃይል ብትዘጋው ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ምስጋናው መጣ። ልጁ የገባለት ሁሉ ቤቴ ድረስ እየመጣ አመሰገነኝ። ውስኪ ይዞ የመጣ አለ፣ ድፎ ዳቦ ያስጋገረ አለ፤ አልቀበልም ማለት ደግሞ ጠብ ነው። ልጁ ያልገባለት በበኩሉ ቤተ ክርስቲያን ሲያየኝ ፊቱን ያዞራል። ለሁለቱም ወገን ያለኝ ማስረጃ አንድ ብቻ ነበር፤ የገዛ ልጄ አልገባችም። ይህንን ለሁሉም ተናገርኩ። ፀጉር ቤት ተናገርኩ፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ተናገርኩ፣ ነዳጅ ስቀዳ ለማውቀውም ለማላውቀውም ተናገርኩ። በመጨረሻ ነጻ የወጣሁ መሰለኝ።

ጋሽ ክንፈ ግን አስተዋይ ሰው ናቸው። ወሬውን ሲሰሙ ረጅም ጊዜ አሰቡና ማንም ያላሰበውን ጠየቁኝ። የራስህን ልጅ ካላስገባህ ስለ ትምህርት ቤቱ የምታውቀው መጥፎ ነገር አለ ማለት ነው? አሉኝ። ምንም የለም ብዬ ማልኩላቸው። መሐላው ባሰ፤ ደህና ትምህርት ቤት ምን ያስምላል? በሳምንቱ ናቲን ከምዝገባው አስወጡት። ጋሽ ክንፈ ካስወጡ ደግሞ ሌላው ምን ይጠብቃል? ምግብ ቤት ከፍቶ ምሳውን ጎረቤት ሄዶ የሚበላ ሰው ታይቷል ተባለና ወላጅ ልጁን ማስወጣት ጀመረ። አንዷ እናት፣ ሕንፃው ውስጥ የሚሸት ነገር አለ ሲባል ሰምቻለሁ ብላ እኔኑ መከረችኝ። የምንጣፍ ሙጫ መሆኑን ብነግራት፣ አየህ ታውቃለህ አለችኝ።

አልማዝ አስቸኳይ ስብሰባ ጠራች። ለትምህርት ቤት ገንዘብ የሚመጣው በተማሪ ቁጥር ነው፤ ወንበሩ ባዶ ከሆነ የቀጠርናቸው አስተማሪዎች አይኖሩም፣ በሩም ላይከፈት ይችላል። ለዚህ ሁሉ ዓመታት የለፋች ሴት ናት፤ ያን ዕለት ግን ለማንም ማርክ አልሰጠችም፣ ጠረጴዛውን ብቻ ታይ ነበር። ስብሰባው ሲያልቅ ወደኔ መጣች።

«ምንም እንድታደርግ አልለምንህም» አለችኝ። «ሐቀኝነትህን ብቻ እቤትህ አድርገው።»

በሚገባ ታዘዝኩ። አፌን ዘጋሁ፣ ፀጉር ቤትም ቀየርኩ። በዚህ መካከል ኮምፒውተሩ፣ የሐሜትን ነገር የማያውቀው፣ ሥራውን ይሠራ ነበር። አንድ ልጅ ሲወጣ ቀጣዩን ተራ ጠባቂ ይጠራል። ከተጠሩትም ወላጆች ገሚሱ የሽታውን ወሬ ስለሰሙ እንቢ አሉ፣ ተራው ወረደ፣ ወረደና አንድ ቀን አየር ማረፊያው በር ላይ ሻንጣ እየጫንኩ ትዕግሥት ደወለች። ኤልዳና ተጠራች አለችኝ። ከዚያ ሁሉ ዝምታ በኋላ ስሜን ጠርታ ነው የነገረችኝ፤ የመንገደኛውን ሻንጣ ሌላ መኪና ላይ ጫንኩት።

የኔ ልጅ መግባቷ በተሰማ በጥቂት ቀናት ውስጥ ትምህርት ቤቱ ሞላ፤ ተራ ጠባቂው በር ላይ ቆመ ማለት ይቻላል። አልማዝ ዳነች። ሕዝቡ የደረሰበትን መደምደሚያ ግን ገምቱ። ልጄ አልገባችም እያለ ያስወራው የሌላው ልጅ እንዲወጣና ለራሱ ልጅ ቦታ እንዲለቀቅላት ነው ተባለ። ታዲያ ተቆጡብኝ? ማንም አልተቆጣም። ጋሽ ክንፈ እንኳ፣ የናቲ ወንበር ሄዶ ሄዶ ለኤልዳና የደረሰባቸው ሰው፣ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና «እንዲህ ያለ ሰው መሆንህን አላውቅም ነበር» አሉኝ። ናቲ ተመልሶ ከተራው መጨረሻ ተመዝግቧል። እሳቸው ግን አልቸኮሉም፤ አንተ ካለህ ምን ያስቸኩለኛል ይላሉ። ትዕግሥትም ለእህቷ በስልክ፣ ዝም ያለ ይመስላል እንጂ የሚሠራውን ያውቃል ስትል ሰማኋት። ላርማት አፌን ስከፍት ቀና ብላ አየችኝ፤ ራት ደግሞ ገና አልቀረበም ነበርና ተውኩት።

ትምህርት በተጀመረ ዕለት፣ ቅርብ ቢሆንም፣ ኤልዳናን በመኪና ወሰድኳት። ከአሥራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ ኋላ ኮልፋክስን እየተከተልን፣ «ዳዲ» አለችኝ፣ «ኤቭሪባዲ አንተ አስገባኸኝ ይላል። ኢዝ ኢት ትሩ?»

ደስ አለኝ። አንድ ሰው በመጨረሻ ጠየቀኝ፤ ያውም እዚህ የተወለደች፣ ሕግና ኮምፒውተር የሚገባት ልጅ። ሁሉንም ከሥሩ አስረዳኋት። ቅድሚያ ይፈቀድ እንደነበር፣ ይቅር ያልኩት እኔ መሆኔን፣ ዕጣው ማንንም ከማንም እንደማያበላልጥ፣ የገባችው ተራዋ ደርሶ ብቻ መሆኑን ነገርኳት። መብራት ላይ ቆመን ጭምር አስረዳሁ። ኤልዳና በመስኮት እያየች አዳመጠችኝ። ትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ፓርክ አደረግኩ።

«ሶ አንተ አልሞከርክም?» አለችኝ። «ፎር ሚ እንኳን?»

ለስንት ሰው የተናገርኩት እውነት ለገዛ ልጄ ሲነገር እንዲህ አስቀያሚ መሆኑን አላውቅም ነበር። ወደ መሪው አየሁ፣ ወደ በሩ አየሁ፤ ልጆች እየገቡ ነው።

«ሞክሬ ነበር እንጂ» አልኳት፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

ፊቷ በራ። ጉንጬን ሳመችኝና ቦርሳዋን አንስታ ወረደች። ጥቂት ከሄደች በኋላ ተመለሰች፣ በመስኮቱ ጎንበስ ብላ ግራ ቀኙን አየች።

«ዶንት ዎሪ፣ ዳዲ» አለችኝ። «ለማንም አልናገርም።»