የቱርቦ ዋስ፣ የሱፐር ዋስ

መኪና ያለው ሰው ሁሉ ውሸታም ነው። አትቆጡ! እኔም መኪና አለኝ፤ ራሴንም ጨምሬ ነው የምሰድበው። እስቲ አንዱን ባለመኪና "ዳገት ላይ እንዴት ናት?" ብላችሁ ጠይቁት። "ኧረ እሷ! ዳገት ስታይ ነው ደስ የሚላት" ይላችኋል። ጎረቤቱን ጠይቁ... ሲገፋለት ነው የከረመው። ሰው ስለ ትዳሩ እንኳ አንዳንዴ እውነቱን ያወራል፤ ስለ መኪናው ግን በጭራሽ!

እኔም ወልድያ ከተማ ውስጥ ለሚያውቀኝም ለማያውቀኝም ስንት ዓመት ስዋሽ ኖሬያለሁ። መኪናዬ ዕድሜዋ ገፋ ያለ የቤት መኪና ናት። ቁልቁለት ላይ የሚደርስባት የለም። ሜዳ ላይም አትታማም። ዳገት ላይ ግን... እንግዲህ ዛሬ የማወጋችሁ ዳገት ላይ ያለውን ነገር ነው።

መርሳ የምትኖር እህት አለችኝ። ልጇ ዘሐራ ልታገባ ሆነ፤ ሙሽራው የወልድያ ልጅ ነው። ዘሐራ ሕፃን ሳለች፣ መኪናዋን የገዛሁ ሰሞን፣ ጭኔ ላይ አስቀምጬ መሪ እያስያዝኳት "የሰርግሽ ቀን በዚህች መኪና የምወስድሽ እኔ ነኝ" ብያት ነበር። ሕፃን ይረሳል ብላችሁ ቃል እንዳትገቡ! ቀኑ ሲቆረጥ ቤተሰቡ በተሰበሰበበት ብድግ አለችና "አጎቴ፣ አንቱ በመኪናዎ ካልወሰዱኝ ከዚህ ቤት አልወጣም" አለች። እኔ ዓይኔ እንባ ሞላ። የአባቷ የእንድሪስ ፊት ግን ጠቆረ፤ እንድሪስ መኪናዬን ያውቃታላ!

እንዴት አወቃት? አንድ ቀን እሱንና ሁለት ጎረቤቶቹን ለለቅሶ ከመርሳ ወደ ወልድያ ይዤ ስሄድ፣ ሲሪንቃን አለፍ እንዳልን ዳገቱ ጀመረ። መኪናዋ አቃሰተች። አንደኛ ማርሽ አስገባሁ። ይሄኔ ሁለት አህያ የሚነዱ ሽማግሌ ደረሱብን። ደረሱብን ነው ያልኩት! በመስኮቱ በኩል "አሰላሙ አለይኩም" አሉ። "ወአለይኩም ሰላም" አልን። የወሎን ሰላምታ መቼም ታውቁታላችሁ። ስለ ጤናችን ጠየቁን፣ ስለ ልጆቻችን ጠየቁን፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ አዝመራው ጠየቁን። ሁሉንም መልሰን፣ እኛም በተራችን አንድ በአንድ ጠይቀን ስንጨርስ፣ ከአህዮቹ ጋር አሁንም ጎን ለጎን ነበርን። በመጨረሻ ሽማግሌው "በሉ ልቅደማችሁ፣ ገበያው ይረፍድብኛል" ብለውን ሄዱ።

እናም የዘሐራን ቃል ሲሰማ "ልጄን በዚህች?" አለ እንድሪስ። "እዚያ እስክትደርስ ታረጃለች እኮ!"

"አሠራታለሁ።"

"ሦስት ሳምንት አለህ። ዳገቱን ካልወጣች ዘሐራ በወንድሜ ልጅ መኪና ትሄዳለች። አንተ ከኋላ ድስቱን ጭነህ ትከተላለህ።"

ድስት! ለልጅቷ የገባሁትን ቃል ተሸክሜ ስንት ዓመት ኖሬ... ድስት! እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በማግስቱ ወልድያ ወደሚገኘው መካኒክ ወደ ጌታቸው ጋራዥ ሄድኩ። ችግሬን ሰማና ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት "ቱርቦ!" አለኝ።

"ምንድን ነው እሱ?"

"ሞተር የሚሮጠው በሚተነፍሰው አየር ልክ ነው። ያንተዋ ደግሞ ትንፋሽ አጥሯታል። ቱርቦ በማርሚታ የሚወጣውን ጭስ ይዞ በዚያ ይሽከረከርና አየሩን ገፍቶ ሞተሩ ውስጥ ይጨምርልሃል። የሚጣል ጭስ ነው፤ ምንም አያስወጣህም!"

ደስ ብሎኝ ወደ መርሳ ወረድኩ። ደስታዬን መዋጥ አቅቶኝ ለመርሳው መካኒክ ለሁሴን ነገርኩት። ሁሴን መፍቻውን ወረወረው።

"ቱርቦ ያለህ ጌታቸው ነው አይደል? አውቄዋለሁ! ቱርቦ እኮ ቶሎ አይነቃም። አንተ ረግጠህ እሱ ጭሱ እስኪበዛ ሲጠብቅ፣ መኪናህ ወደኋላ ተንሸራታ መርሳ ትገባለች። ላንተ የሚሆነው ሱፐር ቻርጀር ነው። ቺንጋ በምንለው የጎማ ቀበቶ ከሞተሩ ጋር ይታሰራል፤ ሞተሩ ሲዞር እሱም ይዞራል። ገና እግርህን ስታሳርፍ... ተነሳ!"

ይህን ወስጄ ለጌታቸው ብነግረው ሳቀ። "ሱፐር? ቺንጋውን የሚያዞርለት ማን ሆነና? ያው ምስኪን ሞተርህ ነው! የደከመ ሰው ላይ ሌላ ሰው አዝለህ ሩጥ እንደማለት ነው።" ይህን ደግሞ ለሁሴን ነገርኩት... አዎ፣ ወሬ አመላላሽ እኔው ነበርኩ! ሁለቱ በወጣትነታቸው አንድ ጋራዥ ውስጥ ሙያ የተማሩ፣ በኋላ የተኳረፉ ሰዎች መሆናቸውን የሰማሁት ካቀጣጠልኳቸው በኋላ ነው።

ነገሩ ቤታችን ገባ። እንድሪስ ቱርቦ አለ፤ በከንቱ የሚወጣ ነገር ሥራ ላይ ሲውል ደስ ይለዋል። ዘሐራ ሱፐር አለች፤ ሙሽራ መዘግየት አትወድም። እህቴ ቻርጀር የሚለውን ስትሰማ "መብራት የጠፋ ቀንስ?" ብላ ፈራች። ሳምንት ሙሉ ምሳ ላይ ጭቅጭቅ ሆነ። እኔ ግራ ገባኝ፤ ቀኑም እየሄደ ነው። በመጨረሻ እንድሪስ "ነገሩን ሽማግሌ ይየው" አለ።

እዚህ ላይ የሌላ አገር ሰው ቢሆን መጽሐፍ ያገላብጣል፣ ባለሙያ ይጠራል። እኛ አባ ሙሄን ጠራን። አባ ሙሄ በሀብሩ ወረዳ ስንቱን ባልና ሚስት፣ ስንቱን የወሰን ጠብ አስታርቀዋል። መኪና ነድተው አያውቁም። ይህ ለማናችንም ችግር ሆኖ አልታየንም።

ከሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ጋር ከእንድሪስ ማንጎ ዛፍ ሥር ተቀመጡ። መካኒኮቹ በግራና በቀኝ ቆሙ።

"በዳዩ ማነው?" አሉ አባ ሙሄ።

"በዳይ የለም አባ፤ ዕቃ መርጣችሁልን ነው" አልኩ።

"ሁለት ሰው ተጣልቷል አልተጣላም?"

"ተጣልቷል።"

"እንግዲያ ሽምግልና ነው። መጀመሪያ ዋስ ይጠራ። ቱርቦ ለምትሉት ዋሱ ማነው?"

ጌታቸው ደረቱን ነፍቶ "እኔ!" አለ።

"ለዚያኛውስ?"

ሁሴን ሊያንስ ነው? "እኔ ነኝ አባ! ወላሂ እኔ ነኝ!"

"ዋስ የሆናችሁለት በቀኑ ካልቀረበስ?"

"በእሱ ቦታ እኛ!" አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ። ማንም አልሳቀም። እኛ ዘንድ በዋስ አይቀለድም።

ከዚያ ጥያቄው ቀጠለ። "ቱርቦ የሚበላው ምንድን ነው?" "ጭስ ነው አባ።" "ቆጣቢ ነዋ! ነውሩስ?" ጌታቸው አንገቱን ደፋ፤ "ትንሽ... ሞቅ እስኪለው ይዘገያል።" ወደ ሁሴን ዞሩ። "ያንተስ?" "የኔ ወዲያው ነው አባ!" "የሚበላውስ?" ሁሴንም በተራው ድምፁ ዝቅ አለ፤ "ከሞተሩ ጉልበት ትንሽ ይወስዳል።" "ጉልበት ሊሰጥ መጥቶ ጉልበት ይወስዳል?" "የሚሰጠው ይበልጣል አባ!"

ሦስቱ ሽማግሌዎች ተንሾካሾኩ። አባ ሙሄ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ፍርዳቸውን ሰጡ።

"አንዱ ትጉህ ነው፣ ግን ይበላል። አንዱ ቆጣቢ ነው፣ ግን ይዘገያል። እንዲህ ያለውን ባልና ሚስት ስንቱን አስታርቀናል! አንዱን መርጠን አንዱን አናስከፋም። ሁለቱም ይግቡ። ዳገቱ ሲጀምር ትጉሁ ይያዘው፤ ሲሞቅ ቆጣቢው ይረከበው።"

ጌታቸውና ሁሴን አፋቸውን ከፍተው ተያዩ። ጌታቸው ቀስ ብሎ "እንዲህ አድርገው የሚሠሩ እኮ አሉ" አለ። ሁሴንም "ሰምቻለሁ" አለ። ከስንት ዓመት በኋላ የተስማሙበት የመጀመሪያው ነገር መሆኑ ነው። ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። ዱዓ ተደረገ፤ አሚን አልን። ሙሽራዋን የምወስደው እኔ ነኝ ተብሎ ተዘጋ፤ ዱዓ የተደረገበትን ነገር ደግሞ እንድሪስም ቢሆን አይከፍተውም።

ሁላችንም ደስ ብሎን ተበተንን። ዕቃው አገር ውስጥ ይኑር አይኑር የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም! እኛ ሰው ከታረቀ ሥራው ያለቀ ነው የሚመስለን። ጌታቸው አዲስ አበባ ደወለ፣ ሁሴን ደሴ ደወለ። "ለየትኛው ሞተር?" ይባላሉ፤ ይናገራሉ፤ ከዚያ በስልኩ ውስጥ ሳቅ ይሰማል። ሰርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው ወደ አባ ሙሄ ሮጥኩ።

"አባ፣ ቱርቦውም ሱፐሩም አልመጡም! ምን ይሻለኛል?"

"ዋስ አላቸው አይደል?"

"አላቸው።"

"ታዲያ ምን ያስጨንቅሃል? አብሽር ልጄ።"

ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም። ያጽናኑኝ መስሎኝ ሄድኩ።

የሰርጉ ቀን መኪናዋን በሪባንና በአበባ ሸፈንኳት። ሙሽሮቹ ከኋላ ገቡ። እኔ ከፊት እየመራሁ፣ አጃቢው በሚኒባስና በባጃጅ እየተከተለ፣ ጡሩምባው እየጮኸ ከመርሳ ወጣን። እስከ ሲሪንቃ ድረስ ንጉሥ ነበርኩ። ዳገቱ ጀመረ። ሦስተኛ... ሁለተኛ... አንደኛ... ቀጥ! ከኋላችን ያለው ሰርገኛ ሁሉ ቀጥ አለ። የእንድሪስ ወንድም ልጅ አዲሷን መኪናውን ከአጠገቤ አቆመና በሩን ከፍቶ ጠበቀ። በመስታወቱ ዘሐራን አየኋት። ቬሏን ሰብሰብ አድርጋ ቁጭ ብላለች። አፈርኩ፤ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ይሄኔ አባ ሙሄ ከሚኒባሱ ወረዱ። ምርኩዛቸውን መሬት መቱና ተጣሩ።

"የቱርቦ ዋስ!"

ጌታቸው ለሰርግ የገዛውን ሱፍ ለብሶ ነበር። "አ... አቤት አባ?"

"የሱፐር ዋስ!"

"አቤት!"

"ሰዎቻችሁ አልቀረቡም። በቦታቸው ግቡ!"

ሁሴን ገመድ አመጣ፤ ከፊት አስሮ ጫፉን በትከሻው ላይ አደረገና ወዲያው መጎተት ጀመረ። ጌታቸው ወደ ኋላ ሄደ፤ ማርሚታው አጠገብ፣ ጭሱ መሃል። ነገር ግን ኮቱን አውልቆ፣ በሥርዓት አጥፎ፣ የሚያስቀምጥበት ንጹሕ ቦታ ፈልጎ...

"ፍጠን እንጂ!" ሁሴን ከፊት ጮኸ።

"ሞቅ ይበለኝ!"

"አላልኳችሁም? ይዘገያል አላልኳችሁም?"

ጌታቸው ሲሞቀው ግን ለጉድ ነው! ሁሴን ሲደክመው ሥራውን የተረከበው እሱ ነበር። ሚዜዎቹ ይህን አይተው ወረዱ። ሙሽራው በሱፉ ወረደ፤ ወንዱ ሰርገኛ ሁሉ ተከተለ። በመጨረሻ እንድሪስ፣ ያ እንድሪስ፣ ነጭ በነጭ እንደለበሰ ከጌታቸው ጎን ገብቶ ትከሻውን ሰጠ። ሴቶቹ በእልልታና በዘፈን ከበቡን። መኪናዋ ተንቀሳቀሰች።

"አጎቴ፣ እኔም ልውረድ? ይቀልላችሁ ነበር" አለች ዘሐራ።

"ከወረድሽማ ምኑን ወሰድኩሽ! ተቀመጪ!" አልኳት፤ እንባዬ ሲወርድ ልጠርገው መሪውን መልቀቅ አልቻልኩም። እሷም ከኋላ እየሳቀች ታለቅስ ነበር። ዳገቱን ጨረስነው፤ ሁሉም ወደየመኪናው ተመለሰ፤ ዘሐራ እስከ ወልድያ ድረስ ከእኔ መኪና አልወረደችም።

የሙሽራው አባት ደጅ ቆመው ሲጠብቁ ነበር። እንኳን ደህና መጣችሁ ተባብለን ሳንጨርስ መኪናዬን ዞር ዞር ብለው አይተው ኮፈኗን መታ መታ አደረጉ።

"ማሻአላህ! ያን ሁሉ ዳገት ይቺ ወጣችው? ለመሆኑ ስንት የፈረስ ጉልበት ናት?"

እንድሪስ ፊቱ በጥላሸት እንደጠቆረ፣ ላቡን በነጠላው ጫፍ እየጠረገ ቀደመኝ።

"ፈረስ የለባትም" አለ። "አርባ ሰርገኛ ናት።"